አውድማና አሻራ

«ምርታማነት» የሚለውን ቃል በቢሮ ወረቀት ላይ ባየሁ ቁጥር አውድማ ትዝ ይለኛል። ቃሉ በትውልዱ የገበሬ ነው። ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ በበሬ ተበራይቶ፣ በመንሽ እየተበተነ ነፋስ ገለባውን ከወሰደለት በኋላ መሬት ላይ የሚቀረው ፍሬ ነበር ምርት የሚባለው። ገበሬው ፍሬውን ከገለባው ለመለየት መመሪያ አያስፈልገውም፤ ዓይኑና እጁ ይበቁታል። ቃሉ ከአውድማ ተነሥቶ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካም ወደ መሥሪያ ቤት ሲሻገር ብዙ አልተቸገረም። የቢራ ፋብሪካ በቀን ስንት ሣጥን እንዳወጣ ይቆጥራል፤ የምሠራበት ባንክም በቀን ስንት ደንበኛ እንዳስተናገድሁ ይቆጥራል። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሲደርስ ግን ቃሉ ይደናቀፋል። እዚያ አለቃው ገለባውን ሲሰፍር ውሎ ፍሬውን ሳያይ ሊሄድ ይችላል።

«አንተ የባንክ ጸሐፊ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ አመራር ምን አገባህ?» የሚለኝ አንባቢ ቢኖር አልቀየምም። መልሴ ጎረቤቶቼ ናቸው። መቼም የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ የማያውቅ የለም። የመምህር ደመወዝ መሀል ከተማ ላይ ሁለት ክፍል ቤት መያዝ ስላቃተው መምህሩ ወደ ዳር ወጥቷል፤ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሱሉልታ። (ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተብለዋል፤ እኔ ግን አፌ ስለለመደ በየስማቸው እጠራቸዋለሁ።) እነዚህ ከተሞች ዩኒቨርሲቲው ውሎ የሚያድርባቸው ናቸው። ወር ሲያልቅ ሰበታ በሚገኘው መስኮቴ ፊት ከሚሰለፉት መካከል ያልታረመ የፈተና ወረቀት በብብታቸው የያዙ አሉ። ማታ ማታ ቡና ስንጠጣ የሚያወሩትን እሰማለሁ። የሚያወሩት ስለ ሳይንስ አይደለም፤ ስለ ሥነ ጽሑፍም አይደለም። ስለ አለቆቻቸው ነው።

ደግሞም እኔ ራሴ የምቆጠር ሰው ነኝ። ጠዋት ገንዘቡን በቁጥር እረከባለሁ፤ ማታ በቁጥር አስረክባለሁ። ሒሳቡ ካልገጠመ እስኪገጥም ድረስ ቤቴ አልሄድም። በየወሩ ይህን ያህል አዲስ ሒሳብ አስከፍት፣ ይህን ያህል ተቀማጭ አምጣ እባላለሁ። በዚህ አልከፋም፤ የሰው ገንዘብ እንዲህ ካልተያዘ አይያዝም። ሌሊት የምሞካክራት ግጥም ግን ሌላ ነገር ናት። አንድ አለቃ መጥቶ «በዚህ ሩብ ዓመት ስንት ስንኝ አደረስህ?» ቢለኝ ብዙ ስንኝ አስረክበው ነበር፤ ግጥም አለመሆኑን ግን ከእርሱ አስቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። እንግዲህ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሥራ ከሁለቱ ወደየትኛው ይቀርባል? ክፍል ገብቶ የሚያስተምረው ወደ ባንኩ ይቀርባል፤ ሰዓት አለው፣ ይቆጠራል። ያነበበው፣ ያሰበው፣ የጻፈው ግን ወደ ግጥሙ ያደላል። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ «በሳምንት 12 ሰዓት አስተምረው ሙሉ ጫና ይሉታል፤ የቀረውን ምን ሲሠሩ ይውላሉ?» እያሉ የሚስቁ አሉ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ አመራር የሚፈተነው በዚያ «በቀረው» ሰዓት ነው።

አብሮኝ የተመረቀ አንድ ወዳጅ አለኝ። እኔ ባንክ ገባሁ፤ እርሱ ረዳት መምህር ሆኖ ቀረ። ዛሬ በፎክሎር ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ያስተምራል፤ የሚኖረው ቡራዩ ነው። የሚያስተምርበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ከሌሎቹ ጎረቤቶቼ ሰምቻለሁና። ይህ ወዳጄ የተያያዘው ጥናት የሱሉልታን ሣር አጫጆች ዘፈን መሰብሰብ ነው። የሱሉልታ ሜዳ የድርቆሽ አገር ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲደርስ አጫጆቹ በረድፍ ተሰልፈው በአፋን ኦሮሞ እየተቀባበሉ ያጭዳሉ፤ ማጭዱ የዜማውን ምት ይጠብቃል። ሜዳው ከዓመት ዓመት ወደ ቤትና ወደ መጋዘን እየተለወጠ ስለሆነ ዘፈኑን የሚያውቁት ሰዎች ጥቂትና ያረጁ ናቸው።

ሥራውን ሲጀምር የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ሴትዮዋ ስለ አመራር ንድፈ ሐሳብ ሲናገሩ ወዳጄ ሰምቶ አያውቅም። የክፍለ ጊዜውን ሰሌዳ ሲያወጡ ግን ለእያንዳንዱ መምህር በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ክፍት እንዲሆን አድርገው ይደለድሉ ነበር፤ ይህንንም ለማድረግ ቅዳሜና እሑድን ከወረቀትና ከላጲስ ጋር ያሳልፋሉ አሉ። ሐሙስ ከሰዓት ሻይ አስፈልተው ሁሉም የያዘውን ሥራ በተራ እንዲናገር ያደርጋሉ። ማንም ነጥብ አይሰጥም፤ ቃለ ጉባኤም አይያዝም። በመተላለፊያው ላይ ሲያገኙት የሚጠይቁት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «የት ደረስህ፣ ልጄ?» ወዳጄ በእርሳቸው ዘመን፣ በአራት ዓመት ውስጥ፣ ሁለት ጥናታዊ ጽሑፎች አሳተመ፤ ከአርባ የሚበልጡ ዘፈኖችንም ቀዳ። «ሐሙስ ባዶ እጄን ላለመቅረብ ስል ሮብ ሌሊት አልተኛም ነበር» ይለኛል። ማንም ሳያስገድደው።

ሴትዮዋ ጡረታ ወጡ። በቦታቸው የመጣው ሰው በዕድሜ የወዳጄ እኩያ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ከእርሱ ጋርም የጣት አሻራ መመዝገቢያው መጣ። ጠዋት 2፡30፣ ማታ 11፡30። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ይሆናል፦ መሣሪያው የመጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሦስት የግል ኮሌጅ ውስጥ ሲሯሯጡ የመንግሥቱን ክፍል ባዶ የሚያደርጉ መምህራን ነበሩ፤ ተማሪዎችም አቤት ብለዋል። አለቃው ለእውነተኛ በሽታ ነው መድኃኒት የፈለገው። የሆነው ግን ሌላ ነው። ለመቅረት የለመዱት ጠዋት አሻራቸውን አሳርፈው መውጣትን፣ ማታ ተመልሰው ማሳረፍን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተማሩ። መሣሪያው አስሮ ያስቀመጠው ሥራቸው ከግቢ ውጭ የሆነባቸውን፣ ለመዋሸትም ያልለመዱትን ነው።

በዚያው ሰሞን ለነዳጅ ቁጠባ ተብሎ በቡራዩ በኩል ይመላለስ የነበረው ሰርቪስ ቀረ። ወዳጄ ጠዋት 12 ሰዓት ከቤቱ ይወጣል፤ ሁለት ታክሲ ይይዛል፤ ጣቱን ያሳርፋል፤ ከዚያም ስድስት መምህራንና ሦስት ወንበሮች ባሉበት ክፍል ውስጥ ይውላል። ክፍሉ ውስጥ ማንበብ አይቻልም፤ መጻፍማ አይታሰብም። ጥያቄውም ተለወጠ። ሴትዮዋ «የት ደረስህ?» ይሉት ነበር፤ አዲሱ አለቃ «የት ነበርክ?» ይለው ጀመር። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለችው ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፤ እኔ ግን ስለ አመራር ከተጻፉት ወፋፍራም መጻሕፍት ብዙዎቹ ከዚህች ልዩነት የሚያልፍ ነገር መናገራቸውን እጠራጠራለሁ።

የዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ የወዳጄ የሥራ ገበታ ተገኝነት መቶ በመቶ ነበር። ያሳተመው ጽሑፍ የለም፤ የቀዳው ዘፈንም የለም። አንድ ሱሉልታ የሚኖሩ አረጋዊ ነበሩ፤ ከሁሉም የበለጠ ዘፈን የሚያውቁት እርሳቸው መሆናቸውን ሁሉም አጫጆች ይመሰክሩላቸዋል። ቤታቸው ሄዶ ሦስት ብቻ ቀድቶላቸው ነበር። «የቀረውን ሣሩ ሲደርስ ና፤ ይህ በሜዳ እንጂ በቤት የሚዘፈን አይደለም» አሉት። ሣሩ የደረሰበት ጥቅምት በሥራ ቀን ፈቃድ የሚከለከልበት ጥቅምት ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ ስልክ ተደወለለት፤ አረጋዊው ዐርፈዋል። ያን ቀንም ወዳጄ 2፡30 ላይ አሻራውን አሳርፎ ነበር።

ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ትዝ ያለኝ የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ነው። በ1957 ዓ.ም. ወጣቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዓድዋ ወርዶ የቢልሐርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ሲያጠና ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። እናቶቻችን ለዘመናት ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ለዓለም የተነገረው ከዚያ ነው። ዩኒቨርሲቲውም ዛሬ በስሙ የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት እንዲቋቋም ቦታ ሰጠው። እንዶድን የውጭው ዓለም ሳይንስ ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ቢያየውም፣ እርሱና የሥራ ባልደረባው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ያን ጊዜ የጣት አሻራ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ዓድዋ ወንዝ ዳር የቆመባት ቀን በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» ተብላ ትገባ ነበር።

ከዚያው ዘመን ሌላም አለ። ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ከሰጡ በኋላ፣ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እዚያ ተከፈተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት፣ ቤተ መጻሕፍቱን ያደራጀው ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ነበሩ። መጽሔቱም በዚያው ዓመት መታተም ጀመረ። ፓንክረስት አለቃም ሆኖ ጸሐፊ ነበረ፤ ኾይናትስኪም የቤተ መጻሕፍት ሹም ብቻ ሳይሆን ሥዕልና መስቀል አሳዳጅ፣ የኢትዮጵያ ሥዕል ተመራማሪ ነበረ። አለቃው ራሱ ማታ መብራት አብርቶ የሚጽፍበት ቤት ውስጥ የበታቹ ሰው «ምን ልጻፍ?» ይላል እንጂ «መቼ ልውጣ?» አይልም። ስድስት ኪሎ ገብታችሁ ያን ቤተ መጻሕፍት ያያችሁ ሁሉ ፍሬው እስከ ዛሬ እንዳልተሟጠጠ ታውቃላችሁ።

የዚያ ዘመን አመራር ቅዱስ ነበር ማለቴ አይደለም። በኮሌጅ ቀን ይነበቡ የነበሩት ግጥሞች ሹማምንቱን እንዳስደነገጡ የግጥም ወዳጅ የሆነ ሁሉ ሰምቷል። ከዚያም በኋላ የመጡት እንደየመልካቸው ከመምህሩ የሚፈልጉት ነገር ነበራቸው። ከሁሉም የሚከብደኝ ሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ነው። ከአርባ የሚበልጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ተሰናበቱ። የቀዶ ሕክምናው ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩበት፤ የምጣኔ ሀብቱ ምሁር ዶክተር እሸቱ ጮሌ ነበሩበት። አርባ ሰው የሚያስተምረው ትምህርት፣ የሚያማክረው የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ የሚጽፈው መጽሐፍ በአንድ ቀን ከግቢው ወጣ። ይህ በቁጥር ሊሰላ የሚችለው ጉዳት ነው። የማይሰላው በግቢው ውስጥ የቀሩት ሰዎች በዚያ ቀን የተማሩት ትምህርት ነው። አንገትን መድፋት አንድ ጊዜ ከተለመደ ለማቅናት ትውልድ ይፈጃል፤ አንገቱን የደፋ ሰው ደግሞ ወረቀት ላይ የሚያሰፍረው አለቃው ሊያነብ የሚወደውን ብቻ ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በ1995 ዓ.ም.፣ መንግሥት በመምህራን ላይ የግምገማ ሥርዓት ሊጥል ሲል የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ከዚያ በኋላ የመጡትን አንባቢዬ ከእኔ በላይ ያስታውሳቸዋል፤ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ካይዘን፣ የለውጥ ሠራዊት፣ አንድ ለአምስት። ባንክ ቤትም ደርሰውናል። ለባንክ አንዳንዱ አልጎዳም፤ ወረፋ አሳጥሯል። ነገር ግን ሦስተኛ ዲግሪ ያለው ሰው አምስት ሆኖ ተደራጅቶ በየሳምንቱ ቅጽ ሲሞላ ምን እንዳተረፍን የነገረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ቅጽ ስል አንድ መጽሐፍ ትዝ አለኝ። ከጠረጴዛዬ የማይለየው አማርኛ መዝገበ ቃላት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ተዘጋጅቶ በ1993 ዓ.ም. የታተመው ነው። ግጥም የሚሞክር ሰው ሁሉ ለዚህ መጽሐፍ ባለዕዳ ነው። እንግዲህ የመዝገበ ቃላት ሰው የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲጠየቅ ምን ይጻፍ? «ከ‹ቀ› ወደ ‹በ› በመሻገር ላይ ነኝ» ይበል? በሁለተኛውም ሩብ ዓመት «በሂደት ላይ»፣ በሦስተኛውም «በሂደት ላይ»። በቅጹ ዓይን ይህ ሰው ሰነፍ ነው። አንድ ወርክሾፕ አዘጋጅቶ፣ ሻይና ውኃ አቅርቦ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ያስገባው ጎረቤቱ ደግሞ ትጉህ ነው። የአለቃ ትልቁ ሥራ በዚያ ቅጽና በዚያ ሰው መካከል መቆም ይመስለኛል። ከላይ የሚመጣውን ቅጽ ራሱ ሞልቶ፣ መዝገበ ቃላተኛውን ወደ ፊደሉ መመለስ።

አመራር ብቻውን ሆድ አይሞላም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ኅዳር 26 ቀን 2015 ዓ.ም. የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ማቆማቸውን ሁላችንም አስታውሳለን። እኔ የደመወዛቸውን ልክ ከሒሳባቸው ላይ የማየው ሰው ነኝና ጥያቄያቸውን ለመረዳት ጋዜጣ ማንበብ አላስፈለገኝም፤ ወሩ ሳይጋመስ ሒሳቡ ባዶ ነው። ሦስት ኮሌጅ የሚያስሯሩጠውም ይኸው ነው። በባዶ ሆድ ላይ መልካም አለቃ ቢሾም ምን ይፈይዳል? ወዳጄን ይህን ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ደመወዜ በሁለቱም አለቆች ዘመን አንድ ነበር» አለኝ። ሌላ መልስ አልሰጠኝም።

ገንዘብ ብቻውን የሚያደርገውንም ካምፓላ ላይ ማየት ይቻላል። ማህሙድ ማምዳኒ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ ማካሬሬ ዩኒቨርሲቲ ከፋይ ተማሪዎችን ሲያበዛ የሆነውን ጽፎታል። ትምህርት ክፍሎቹ የሚሸጥ ፕሮግራም ለመክፈት ተሽቀዳደሙ፤ መምህሩ ማታም ማስተማር ያዘ፤ ገቢው ተሻለ፤ ምርምሩ ግን ተረሳ። እኛም በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 ለዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት መንገድ ከፍተናል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀዳሚው ሆኗል። ነፃነቱን በደስታ ነው የምቀበለው። ነገር ግን ገቢህን ራስህ ፈልግ የተባለ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው የምውለው፤ እዚያ አለቃ የሚወደው ሰው ተቀማጭ የሚያመጣው ነው። ነገ ትምህርት ክፍሎችም ተቀማጭ አምጪና አላምጪ ተብለው ቢከፈሉ የሣር አጫጆች ዘፈን ወደየትኛው ወገን እንደሚመደብ ለመገመት የባንክ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም።

ሱሉልታ ውስጥ የአፍሪካ የአመራር ልህቀት አካዳሚ የሚባል ትልቅ ተቋም አለ፤ መሪዎች አመራርን እንዲማሩ የተሠራ ነው። በደጃፉ ባለፍሁ ቁጥር ከዚያው ከተማ ወዲያ ማዶ ሜዳው ላይ ምን ይዘፈን እንደነበረ የሚያውቅ ሠልጣኝ ይኖር ይሆን እላለሁ። በፌዝ አይደለም። ጡረታ የወጡትን ሴትዮ ለአንድ ቀን እንኳ ጋብዞ፣ ያንን የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ በላጲስ እንዴት ይደለድሉ እንደነበር ቢያሳዩ ብዬ እመኛለሁ።

ዘንድሮ በወዳጄ ክፍል አዲስ ኃላፊ ተሹሟል። የአሻራው መሣሪያ አልተነሣም፤ አዲሱ ሰው ግን ሐሙስን የመስክ ቀን ብሎ በደብዳቤ አስፈቅዶላቸዋል። ወዳጄ በጥቅምት ሁለት ሐሙሶች ሱሉልታ ወረደ። የአረጋዊውን የወንድም ልጅ አገኘው፤ ሰውየው ራሱም ስድሳውን አልፏል። ከአጥር ከተረፈችው ቁራሽ ሜዳ ላይ ከሦስት ሰዎች ጋር ሆኖ እያጨደ ዘፈነለት። መጀመሪያና መጨረሻውን ያስታውሳል፤ መሀሉ ጠፍቶበታል፤ ጠፍቶበትም ሳለ ማጭዱን አላቆመም፤ ምቱን በአፉ እያጉረመረመ ያልፈዋል። ወዳጄ ቅዳሜ ማታ ቡራዩ ቤቱ ጠርቶኝ አሰማኝ። መሀሉ ላይ፣ ቃሉ በጠፋበት ቦታ፣ ከዋናው መንገድ የሲኖትራክ ጥሩምባ ይሰማል። አልቆረጠውም።